ሰሞኑን ምን ፊልም ተከራያችሁ? የኔ ሰዓት እየቆጠረብኝ ነው

ዘግይቶ ገቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ «ፐርፌክት ዴይስ» የሚባለውን ፊልም ተከራየሁ። ያላደነቀው ሰው ስለጠፋ ነው። አርባኛው ደቂቃ ገደማ ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ ሰውየው አሁንም ሽንት ቤት እያጸዳ ነው።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ሂራያማ የሚባል ሰው ቶኪዮ ውስጥ የሕዝብ ሽንት ቤት ያጸዳል። ጠዋት ይነሳል፣ ፍራሹን ያጣጥፋል፣ ጥርሱን ይቦርሻል፣ ችግኞቹን ውሃ ይረጫል። ደጁ ላይ ካለው ማሽን የጣሳ ቡና ይገዛል። መኪናው ውስጥ ገብቶ ካሴት ይከፍታል። ይሄዳል፣ ያጸዳል፣ ይመለሳል፣ መጽሐፍ ያነባል፣ ይተኛል። በማግስቱስ? ያንኑ። በሦስተኛው ቀንስ? አትጠይቁኝ።

የኔም ኑሮ እኮ እንደዚሁ ነው። ያውም ኪራይ ሳልከፍል ነው የማየው።

ደግሞ ስክሪኑ ግራና ቀኙ ጥቁር ነው። ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሎኝ ሪሞቱን ስነካካ ሩብ ሰዓት ፈጀሁ።

አሁን ችግሩ ምን መሰላችሁ? ኪራዩ «ማየት ከጀመሩ በ48 ሰዓት ውስጥ ይጨርሱ» ይላል። 20 ሰዓት ገደማ ሄዷል። ልጨርሰው ወይስ እርሜን ላውጣ? እናንተስ ሰሞኑን ምን ተከራያችሁ? ምን ወደዳችሁ፣ ምን አናደዳችሁ?

ሪሞት ቀሚ፦

እኔ ባለፈው ቅዳሜ አንድ የአክሽን ፊልም ተከራይቼ ነበር። አውሮፕላን ነበረበት። መላጣ ሰውዬም ነበረበት። ርዕሱን ረስቼዋለሁ። ግምገማዬ ይኸው ነው።

የመጨረሻ ወንበር፦

ኧረ ጨርሰው! ገና ሊጀምር ሲል ነው የተኛኸው።

መጀመሪያ ጥቁሩን ነገር ልንገርህ። ቴሌቪዥንህ ጤነኛ ነው። ፊልሙ የተቀረጸው በ4 በ3 ነው፤ የድሮ ቴሌቪዥን ቅርጽ። ዳይሬክተሩ ቪም ቬንደርስ ሆን ብሎ ነው። እኔ ሳየው የገባኝ፣ ኑሮው አንዲት ጠባብ ክፍልና አንዲት መኪና ለሆነ ሰው ፍሬሙም ጠበብ ማለት ነበረበት። ትርፍ ቦታ የለም። ዓይንህ ወዴትም አይሸሽም።

ሁለተኛ፣ ሂራያማን የሚጫወተው ኮጂ ያኩሾ በ2023 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ምርጥ ተዋናይ የተባለው ለዚሁ ሚና ነው። የሚናገረውን ብትቆጥረው አንድ ገጽ ይሞላል ብዬ አላምንም። ሰውየው በፊቱ ነው የሚያወራው። በስልክ እየተጫወቱ የሚታይ ፊልም አይደለም። ስልክ ይዘህ ነበር አይደል? እውነቱን ተናገር።

ሦስተኛ፣ ወረቀቷን አይተሃታል? ሽንት ቤቱ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ተወሽቃ የተገኘችውን?

ዘግይቶ ገቢ፦

ስልክ ይዤ ነበር። ምን ዓይነት ወረቀት?

የመጨረሻ ወንበር፦

አልናገርም። ሂድና እይ። 28 ሰዓት አለህ።

ጨለማ ወዳድ፦

እኔ ከእህቴ ልጅ ጋር ሆኜ «ጆውስ»ን ተከራየሁ። ልጁ 15 ዓመቱ ነው። በፈረንጆቹ 1975 የተሠራ ፊልም ነው ስለው እንደ ቅርስ አየኝ።

መጀመሪያ ላይ ሲያላግጥ ነበር። «ሻርኩ የታለ? ግማሽ ሰዓት ሆነ እኮ» ይላል። ዝም አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ቢጫዎቹ በርሜሎች ውሃ ላይ ብቅ ብለው ወደ ጀልባዋ መጋለብ ሲጀምሩ፣ ትራሱን አቅፎ አገጩን ቀብሮበታል። በርሜል እኮ ነው! ልጁን ያስፈራው ባዶ በርሜል ነው።

ሻርኩ በደንብ የሚታየው ፊልሙ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሲታይ ግን ልጁ በሳቅ ሞተ፤ «ላስቲክ!» አለ። አልተሳሳተም። የሚገርመው ደግሞ ምክንያቱ ነው። ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ ሻርኩን ቀደም ብሎ ሊያሳየን ነበር ሐሳቡ። ሻርኩ ግን ማሽን ነው፤ የባሕር ጨው ውሃ ሲገባበት እየተበላሸ አስቸገረው። ስለዚህ ሻርኩን ትቶ ውሃውን፣ በርሜሉን፣ እግር ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሲዋኝ ቀረጸ። የቀረውን ለጆን ዊሊያምስ ሙዚቃ ተወለት። ሁለት ኖታ ብቻ። ማሽኑ ባይበላሽ ኖሮ ዛሬ ይህን ፊልም ማንም አይከራየውም ነበር ባይ ነኝ።

ልጁ ሲጨርስ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «ቀሽም ነው።» ማታ ግን ገላውን የታጠበው በሩን ከፍቶ ነው።

ሪሞት ቀሚ፦

በሩን ከፍቶ 😂 ሻርኩ በቧንቧ የሚመጣ መስሎት ነው?

ሁለት ልብ፦

እኔ የተናደድኩበትን ልናገር። «ብሌድ ራነር»ን ተከራየሁ። ሰው ሁሉ ጥልቅ ነው፣ ያሳስባል ሲል ሰምቼ። ግን ጀግናው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይተርካል። በር ይከፍታል፤ «በሩን ከፈትኩ» እንደማለት። ድምፁም የመሰልቸት ነው፣ ወረቀት ላይ የተጻፈ የሚያነብ ነው የሚመስለው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ያ ሁሉ ጨለማና ዝናብ አልቆ ድንገት ተራራና ጫካ። ምንድን ነው ይሄ? ሌላ ፊልም የተቀጠለበት ነው የሚመስለው።

ገመድ ፈቺ፦

ሁለት ልብ፣ ሳታውቅ መታኸው። ተራራና ጫካው ከሌላ ፊልም የተረፈ ነው። «ዘ ሻይኒንግ» ለሚባለው የስታንሊ ኩብሪክ ፊልም ከሄሊኮፕተር ተቀርጾ ሳይገባ የቀረ ምስል ነው።

የተከራየኸው የ1982ቱን የሲኒማ ቤት ቅጂ ነው። ያኔ ለሙከራ ለተመልካች ሲታይ ሰው አልገባውም፤ ስቱዲዮው ደነገጠ። ትረካውንና ደስ የሚል መጨረሻውን ያስጨመሩት እነሱ ናቸው። በ1992 ትረካውም ጫካውም የወጣለት ቅጂ መጣ። በ2007 ደግሞ ሪድሊ ስኮት ራሱ ሙሉ ሥልጣን ይዞ የሠራው «ፋይናል ከት» ወጣ። አንተ የምትፈልገው እሱን ነው።

ስለዚህ ከመከራየትህ በፊት ከርዕሱ ሥር ያለውን ትንሿን ጽሑፍ አንብብ። አንድ ስም ነው፤ ፊልሙ ግን አንድ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ቅጂ በአንድ ዓይነት ፖስተር ነው የሚቀመጠው። ይህን ያደረገ ሰው እንቅልፍ አይውሰደው።

ሁለት ልብ፦

ማለት እንደገና ልከራየው ነው?

ገመድ ፈቺ፦

ማለት፣ አዎ።

የድሮ ካሴት፦

ልጆች፣ እኔም ልግባ። እናንተ በ48 ሰዓት ታማርራላችሁ። እኛ ካሴት ተከራይተን በማግስቱ መመለስ ነበረብን፤ ያውም አጠንጥነን። ሳያጠነጥን የሚመልስ ሰው ስሙ ይጠፋ ነበር። «ታይታኒክ» ሲመጣ ሁለት ካሴት ነበር። አንዱ ቤት የመጀመሪያውን ሌላው ቤት ሁለተኛውን ይዞ ሲጨቃጨቅ አይቻለሁ። መርከቡ ሳይሰምጥላቸው ያደሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ሰሞኑን «ሾውሻንክ ሪደምፕሽን»ን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ተከራየሁት። ልጄ «አባዬ፣ ግዛው በቃ» ትለኛለች። አልገዛም። ቢገዛ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ አላየውም። ስከራየው ግን እቀመጣለሁ።

ይህ ፊልም እኮ በ1994 ሲኒማ ቤት ሲገባ ሰው አልገባለትም። ሰባት የኦስካር እጩነት አገኘ፣ አንድም ይዞ አልወጣም። ከዚያ በ1995 ቪዲዮ ቤት ሲገባ ሰው ለሰው እየተነጋገረ ከዓመቱ ብዙ ከተከራዩት ፊልሞች አንዱ ሆነ። ርዕሱ ለአፍ አይመች፣ ስለ እስር ቤት፣ ያለ ፍቅር ታሪክ። ማን ይገባለታል? ቤት ወስደው ሲያዩት ነው የገባቸው። ሲኒማ ቤት ያላመነውን ፊልም ቪዲዮ ቤት ነው ያቆመው።

አንድ ትዕይንት አለ። ጀግናው ቢሮ ውስጥ በሩን ቆልፎ በእስር ቤቱ ድምፅ ማጉያ የኦፔራ ዘፈን ያሰማል። ግቢው ውስጥ ያለው እስረኛ በሙሉ ባለበት ቆሞ ቀና ይላል። ቋንቋውን የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ ሻዬ ይቀዘቅዛል፤ ሁልጊዜ።

ዘግይቶ ገቢ፦

ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ የኔን ሽንት ቤት አጽጂ ይጨርሱት ነበር?

የድሮ ካሴት፦

ልጄ፣ እኔ ካሴት የሚያዳምጥ ሰው ያለበትን ፊልም ትቼ አልነሳም።

እናት ዘሁለት፦

እኔ የሠራሁትን ስህተት ስሙና ተማሩ። ልጆቼ 6 እና 9 ዓመታቸው ነው። ዓርብ ማታ «ማይ ኔበር ቶቶሮ»ን ተከራየሁላቸው። የሃያኦ ሚያዛኪ ነው፣ 1988። ሁለት እህትማማቾች ገጠር ይገባሉ፤ እናታቸው ሆስፒታል ናት፤ ጫካው ውስጥ ትልቅ ጸጉራም ፍጡር ያገኛሉ። ክፉ ሰው የለበትም። አንድም! መጀመሪያ ላይ «መቼ ነው አንድ መጥፎ ነገር የሚመጣው» እያልኩ ስጠብቅ ነበር፤ ዝናብ ውስጥ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆመው ዣንጥላ ሲጋሩ መጠበቄን ረሳሁት። ትንሿ ልጄ ኪራዩ ሳያልቅ አራት ጊዜ አየችው። እኔም ሦስቱን አብሬያት ተቀመጥኩ።

አሁን ስህተቴ። መተግበሪያው «ይህን የወደዱ ይህንንም ይወዳሉ» ብሎ ከዚያው ስቱዲዮ «ግሬቭ ኦቭ ዘ ፋየርፍላይስ»ን አቀረበልኝ። የተሳለ ነው፣ ወንድምና እህት አሉበት፣ ፖስተሩ ላይ ብርሃን አለ። ምንም ሳላነብ ቅዳሜ ማታ ከፈትኩት።

ያያችሁት ታውቃላችሁ። ጦርነት ነው፣ ቦምብ ነው፣ ረሃብ ነው። እናትየዋ ተቃጥላ በፋሻ ተጠቅልላ ስትታይ ትንሿ ወደኔ ዞራ «ይችኛዋም እናት ትድናለች አይደል?» አለችኝ።

ሪሞቱን አነሳሁ። ሌላ ነገር ከፈትኩ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ብቻዬን ጨረስኩት። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሶፋው ላይ ነበርኩ። ድንቅ ፊልም ነው። ሁለተኛ አላየውም።

የመጨረሻ ወንበር፦

ውይ እህቴ! ጉዱን ልንገርሽ? ሁለቱ ፊልሞች ጃፓን ውስጥ በ1988 ሲወጡ በአንድ ቀን፣ በአንድ ትኬት ተያይዘው ነው የታዩት። ያንቺን ዓርብና ቅዳሜ ሲኒማ ቤት ሙሉ ሰው በአንድ ቁጭታ አሳልፎታል ማለት ነው። ቶቶሮን መጨረሻ ላይ ያየ እንኳን ትንሽ ተጽናንቶ ይወጣል።

እናት ዘሁለት፦

በአንድ ትኬት?! ማነው ይህን ያሰበው? ስሙን ስጡኝ።

ዝም ባይ፦

እዚህ ቤት ብዙም አልጽፍም፤ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እስከ ዛሬ ተከራይቼ ያልጨረስኩት ፊልም የለም። በወር ከፍዬ የማየው ዝርዝር ውስጥ ደግሞ «በኋላ አያለሁ» ብዬ ያስቀመጥኩት ከመቶ ይበልጣል፤ የጨረስኩት በጣት ይቆጠራል። ያው እኔ ነኝ፣ ያው ሶፋ ነው። ልዩነቱ ሰዓቱ ነው።

በወር የሚከፈለው ላይ አሥር ደቂቃ አይቼ ካልመሰለኝ እወጣለሁ። ማንም አይቆጣኝም። ተከራይቼ ግን ደባሪም ቢሆን እታገለዋለሁ። ከታገልኳቸው ግማሾቹ አሁንም ደባሪ ናቸው። ግማሾቹ ግን ሃምሳኛው ደቂቃ ላይ ተከፈቱልኝ። እነዚያን በወር ክፍያ አላገኛቸውም ነበር።

ሪሞት ቀሚ፦

እኔ ደግሞ አልስማማም። ገንዘቤን ከበላኝ በኋላ ሁለት ሰዓቴንም ልስጠው? ሌባ ቦርሳህን ሲወስድ ጃኬትህን አውልቀህ አትሰጠውም እኮ።

ዝም ባይ፦

ጥሩ ብለሃል። ግን ያንተ ሌባ ርዕሱ እንኳን የማይታወስ አውሮፕላን ነበር።

ሪሞት ቀሚ፦

መላጣ ሰውዬም ነበረበት። አትርሳ።

ጠያቂ፦

የኔ ጉዳይ ቴክኒክ ነው። «ቴኔት»ን ተከራየሁ። ሰዎቹ ሲያወሩ አይሰማም። ድምፅ ስጨምር ፍንዳታ ይመጣና ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። ስቀንስ ደግሞ ሹክሹክታ። ሙሉ ፊልሙን በሪሞት እየነዳሁ ጨረስኩት። ታሪኩ አልገባኝም፤ ጆሮዬ ነው ወይስ ጭንቅላቴ?

ደግሞ ሌላ ፊልም፣ ታሪካዊ ነገር፣ ስከፍተው ሰዎቹ እንደ ተከታታይ ድራማ ይንሸራተታሉ። አለባበሱ ሁሉ የኪራይ ልብስ ይመስላል። ቅጂው ነው የተበላሸው?

ገመድ ፈቺ፦

ጆሮህ ደህና ነው። ስለ ጭንቅላትህ ዋስ አልሆንም፤ «ቴኔት» ማንንም ግራ ያጋባል። በድምፁ ግን ከ2020 ጀምሮ ዓለም ሁሉ ነው ያማረረው። ክሪስቶፈር ኖላን ተዋናዮቹን ስቱዲዮ አስገብቶ ንግግር እንደገና ማስቀዳት አይወድም። ቀረጻው ላይ የተያዘውን ድምፅ ይመርጣል፤ ሙዚቃው ቢውጠውም ግድ የለውም።

ያም ሆኖ ችግሩ በከፊል ቤትህ ነው። የፊልም ድምፅ ብዙ ጊዜ ለስድስት ወይም ከዚያ በላይ ድምፅ ማጉያ ነው የሚቀናበረው። ንግግሩ በአብዛኛው የሚወጣው ከመሃለኛው ነው። ቴሌቪዥንህ መሃለኛ የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ትንንሽ ናቸው ያሉት፣ ያውም ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳ የዞሩ። ስለዚህ ማስተካከያው ውስጥ ግባና የድምፅ ውጤቱን ወደ ስቴሪዮ ቀይረው። ከዚያ «የሌሊት» ወይም «ንግግር ማጉያ» የሚል ካለ አብራው። ፍንዳታውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርገዋል። ጎረቤትህ ያመሰግነኛል።

ሁለተኛው ቅጂው አይደለም። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ነው። አዲስ ቴሌቪዥን ደግሞ በመካከል ያልተቀረጸ ምስል ከራሱ ፈጥሮ ይሰገስጋል፤ እንዲለሰልስ ብሎ። ለኳስ ጥሩ ነው። ለፊልም መርዝ ነው። ቶም ክሩዝ ራሱ በ2018 ከዳይሬክተሩ ከክሪስቶፈር ማኳሪ ጋር ቆሞ «እባካችሁ አጥፉት» የሚል ቪዲዮ ለቋል። እያንዳንዱ አምራች የተለየ ስም ነው የሚሰጠው፤ ብዙ ጊዜ «ሞሽን» (እንቅስቃሴ) የሚል ቃል አለበት፤ እሱን ፈልግና አጥፋው። «ፊልም ሜከር ሞድ» ካለህ እሱን ብቻ ምረጥ፣ አልቋል።

ይህን በሄድኩበት ቤት ሁሉ ሳላስፈቅድ አጠፋለሁ። እስካሁን አንድ ሰው ብቻ ነው ያወቀብኝ።

ጠያቂ፦

አጠፋሁት። ልብሱ እውነተኛ ልብስ ሆነ! አንተ ሰውዬ ተባረክ።

ሁለት ልብ፦

«ፓራሳይት»ን ያላየሁ የመጨረሻው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ዛሬ ማታ ተከራይቻለሁ። ግማሽ ላይ ነኝ። እባካችሁ ምንም አትንገሩኝ። እስካሁን አስቂኝ ነው፤ ቤተሰቡ አንድ በአንድ እየተቀጠረ ነው። የኮክ ፍሬዋ ነገር በሳቅ ገድላኛለች።

ሪሞት ቀሚ፦

አሪፍ ነው። ምድር ቤቱ ጋ ስትደርስ ንገረኝ።

ሁለት ልብ፦

ምን ምድር ቤት??

የመጨረሻ ወንበር፦

ሪሞት ቀሚ! ምን ነካህ?

ሪሞት ቀሚ፦

ቤት ነው አልኩ እንጂ! ቤት ምድር ቤት የለውም?

እናት ዘሁለት፦

እኔ በዚህ ብዙም አልጨነቅም። ያ ያስለቀሰኝ ፊልም እኮ የመጀመሪያው ትዕይንት ላይ ልጁ መሞቱን በራሱ ድምፅ ይነግርሻል። ከዚያ በኋላ መጨረሻውን እያወቅሽ ነው የምታይው፤ ግን «ምናልባት» እያልሽ ትጠብቂያለሽ። መጨረሻው ሲነገር የሚሞት ፊልም መጀመሪያውኑም ታሞ ነበር።

ሁለት ልብ፦

እህቴ፣ ያ ፊልሙ ራሱ መርጦ የነገረሽ ነው። እኔን የነገረኝ ሪሞት ቀሚ ነው። ልዩነት አለው።

እናት ዘሁለት፦

እሱስ እውነትህን ነው።

ጠያቂ፦

«ፓራሳይት»ን በድምፅ ትርጉም ነው ወይስ በግርጌ ጽሑፍ ነው የምታየው? እኔ በድምፅ ትርጉም ሞክሬ አባትየው የሌላ ሰው አፍ የተሰጠው መሰለኝ።

ሁለት ልብ፦

በጽሑፍ። መጀመሪያ ሰነፍኩ፤ አሥር ደቂቃ ካለፈ በኋላ እያነበብኩ መሆኑንም ረሳሁት። ዳይሬክተሩ ቦንግ ጁን ሆ በ2020 ሽልማት ሲቀበል አንድ ኢንች የምታህለዋን የጽሑፍ አጥር ከተሻገራችሁ ብዙ ፊልም ይጠብቃችኋል ዓይነት ነገር ብሎ ነበር። ያኔ ለፈረንጆቹ ነው የተናገረው። እኛማ ዕድሜያችንን በሙሉ ያችን አጥር ስንዘል ነው የኖርነው።

በሉ ልመለስ። ደወል ተደወለ። ዝናብ ነው፣ የድሮዋ ሠራተኛ በር ላይ ናት።

ሪሞት ቀሚ፦

...ምንም አልልም።

ሁለት ልብ፦

ምድር ቤት!!!!!

የመጨረሻ ወንበር፦

😂 እንኳን ደህና መጣህ።

ዘግይቶ ገቢ እስኪመጣ የኔን ልንገራችሁ። «ቱዌልቭ አንግሪ ሜን»ን ለታናሽ ወንድሜ ተከራየሁለት። ጥቁርና ነጭ፣ 1957፣ ፍርድ እንዲሰጡ የተመረጡ አሥራ ሁለት ሰዎች (ጁሪ) አንድ ክፍል ውስጥ። አንድ ልጅ አባቱን ገድሏል ተብሎ ተከሷል። አሥራ አንዱ ጥፋተኛ ነው ይላሉ፣ አንዱ እርግጠኛ አይደለሁም ይላል። አለቀ። ወንድሜ «መቼ ነው ወደ ውጭ የሚወጡት?» አለ። አይወጡም አልኩት። ሊነሳ ሲል «96 ደቂቃ ብቻ ነው» ብዬ ለመንኩት።

አንድ ሰዓት ያህል ካየ በኋላ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ክፍሉ እየጠበበ ነው አይደል?» በራሱ አወቀው! እውነትም ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት በሌንስ ነው የሠራው። መጀመሪያ ላይ ካሜራው ከዓይን በላይ ነው፣ ሌንሱ ሰፊ ነው። እየቆየ ሌንሱ እየረዘመ፣ ካሜራው እየወረደ ይሄዳል። ግድግዳው ሰዎቹ ጀርባ ላይ ይለጠፋል፣ ጣሪያው ይጫናል። እኔ ይህን ያወቅሁት አንብቤ ነው። እሱ ግን ላቡን እየጠረገ ነው ያወቀው።

ዘግይቶ ገቢ፦

ጨረስኩት። ሁለት ሰዓት ከሃያ ሲቀረው። ያላያችሁ ይህን መልስ ዝለሉ።

ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

እሺ፣ ወረቀቷ። አንድ የማያውቀው ሰው የኤክስና ኦ ጨዋታ ጀምሮ ሽንት ቤት ውስጥ ይወሽቃል። እሱ አንድ ምልክት ያደርግና መልሶ ይወሽቃታል። በማግስቱ መልስ አለ። ተጫዋቹ ማን እንደሆነ አናውቅም። ይህን ተኝቼበት ነበር! ከዚያ በኋላ «ያንኑ» ያልኩት ነገር ያንኑ አልሆነም። ጠዋት ጠዋት ወረቀቷ መኖሯን ለማየት እኔም ቸኩዬ ነበር።

ያ ግድግዳው መስታወት የሆነ፣ ሰው ገብቶ ሲቆልፈው የሚጋረድ ሽንት ቤትስ? ለፊልሙ የፈጠሩት ነው?

እህቱ በሾፌር መኪና የምትመጣበት ቦታ ላይ ደግሞ ቁጭ አልኩ። የሀብታም ቤት ልጅ ነው ለካ። ማንም አላስረዳኝም፣ ለምን ትቶ እንደወጣ አልነገሩኝም። ያቅፋታል፣ ትሄዳለች፣ ያለቅሳል። ሁለት ዓረፍተ ነገር የማይሞላ ንግግር ነው፤ ግን ስለ ሰውየው የማውቀው ሁሉ ተገለበጠ። ይህ ሰው ኑሮው የወደቀበት አይደለም፤ የመረጠው ነው። ወይስ የሸሸበት ነው? አሁንም አልወሰንኩም።

ቅሬታዬን አልተውም። ያ ወጣት የሥራ ባልደረባው በጣም ያናድዳል፤ መሃሉም ሃያ ደቂቃ ቢቀነስለት አንድም ሰው አይጎዳም።

መጨረሻው ግን... መኪናው ውስጥ ነው፣ ጎሕ እየቀደደ ነው፣ ኒና ሲሞን እየዘፈነች ነው። ካሜራው ፊቱ ላይ ቆሞ አይነሳም። ይስቃል፣ ዓይኑ ይሞላል፣ እንደገና ይስቃል። ደስታ ነው ሐዘን መለየት አቃተኝ። ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት።

የመጨረሻ ወንበር፦

ሽንት ቤቱ እውነተኛ ነው። ሺቡያ የሚባለው ወረዳ ውስጥ ነው፤ ሺጌሩ ባን የሚባል አርክቴክት የሠራው። ፊልሙ ላይ ያሉት ሽንት ቤቶች በታወቁ አርክቴክቶችና ዲዛይነሮች የተሠሩ ናቸው።

ክሬዲቱ (የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር) ካለቀ በኋላ ያለውን አየህ? ቃሉን?

ዘግይቶ ገቢ፦

ምን ቃል? ክሬዲቱ ሲጀምር መተግበሪያው ስክሪኑን አሳንሶ የሌላ ፊልም ማስታወቂያ ከፈተብኝ። ሰውየው እያለቀሰልኝ ነው፣ ከጎኑ መኪና ይፈነዳል!

ሪሞት ቀሚ፦

መላጣ ሰውዬ ነበረበት? ፊልሜን አገኘኸው ማለት ነው!

የመጨረሻ ወንበር፦

ተመለስና እስከ ጥግ እየው። ነፋስ ቅጠል ሲያወዛውዝ በመሃል ሾልኮ የሚወርደው፣ መሬት ላይ የሚጫወተው ብርሃን፣ ጃፓኖች አንድ ቃል አላቸው፤ «ኮሞሬቢ»። ሰውየው በዚያች አሮጌ ካሜራው ቀና ብሎ ዛፍ ሲያነሳ የነበረው ለዚያ ነው። ትርጉሙ የሚመጣው መጨረሻው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ ተነስቶ ከሄደ በኋላ።

ዘግይቶ ገቢ፦

አየሁት። 40 ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር። ቁጭ ብዬ ጥቁሩን ስክሪን ትንሽ አየሁት፤ ግራና ቀኙን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን።

የድሮ ካሴት፦

ጎበዝ ልጄ። አሁን አጠንጥነህ መልስ።